አርባ ሰው ተኩል

ሰኞ፣ 3

ለማንም የማልናገረውን ላንቺ ልንገርሽ፣ ደብተር። ዛሬ አመሻሹ ላይ ለአንድ ሣጥን «እንደምን አመሸህ» አልኩት። ጮክ ብዬ። አንገቴንም ዝቅ ሳላደርግለት አልቀረሁም። ቀና ስል የመሥሪያ ቤታችን መሬት ቀያሽ ብስክሌቱን እንደያዘ ድልድዩ ላይ ቆሟል። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ አለፈ። ነገ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያወራ ሳስብ እራቴ አልወረደልኝም።

ሣጥኑ እንኳ ተራ ሣጥን አይደለም። የጫማ ካርቶን ያክላል፤ ከቦዩ ዳር ካለ ግንድ ላይ በብረት ቀበቶ ታስሯል፤ አንዲት ትንሽ ዓይን አለችው። በፊቱ ያለፈውን ሰው ሁሉ ይቆጥራል። እዚያ እንዲታሰር በደብዳቤ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ሁለት ይቀረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረዳችን እንደ ጎረምሳ ልብሱ እያጠረው ነው። ከጋራው ማዶ ያለው አዲሱ ሰፈር በሦስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል፤ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ግን ከጋራው ወዲህ ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ጋራውን ዞራ እስክትደርስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ የሚያገናኝ መንገድ ይሠራል፤ ይህ ያለቀ ነገር ነው። የቀረው በየት በኩል የሚለው ነው። ለወረዳው መንገድ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ካርታዬ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ በደረቀው ቦይ ዳር፣ ሰው በእግሩ በሚንሸራሸርበት በኩል። ሌላው በጋራው ወገብ ላይ፣ አንድ የኮክ ማሳ ለሁለት ሰንጥቆ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የእግር መንገድ በቀን በአማካይ አርባ ሰውና ከዚያ በላይ ከተመላለሰበት መኪና አይገባበትም፤ ወንበርና ጥላ ተጨምሮለት የሕዝብ መዝናኛ ይሆናል። ከአርባ ካነሰ አስፋልት ይለብሳል።

እኔ አልመርጥም። ቁጥሩ ነው የሚመርጠው። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬአለሁ።

የኮክ ማሳው የእህቴ ነው። ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

ረቡዕ፣ 5

ቀያሹ ስለ ሣጥኑ ለማንም አላወራም። እንዲያውም ይሄ ይበልጥ ያሳቅቃል።

ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱ መራመድ ነው» ካለኝ ወዲህ ከሥራ መልስ ቦዩ ዳር ደረስ እላለሁ። ከድልድዩ እስከ አግዳሚ ወንበሩ፣ ከዚያ ጥቂት ጊዜ መለስ ቀለስ። ሜዳ ነው፤ ለጉልበት የተመቸ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ የእህቴ የእትዬ በረንዳ ጋራው ላይ ፊት ለፊት ይታያል፤ ግን ወንበሩን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም። ዛሬ መብራቷ ዘግይቶ በራ። ባለቤቷን ሐኪም ጋ ወስዳ ይሆናል።

ዓርብ፣ 7

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሦስት ስብሰባ። ካርታው ጋራውና ቦዩ ተጣብቀው ታትሞ መጣ፤ መልሼ ላክሁት። ምሳ የለም።

መታጠቢያ ቤት ሆኜ ፀሐፊያችን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስታወራ ሰማኋት። «እሷማ ምን አለባት፣ ቢሮ ብታድር እንኳ ማን የት ገባሽ ይላታል።» በክፋት አልነበረም፤ እያዘነችልኝ ነው። ውኃውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ።

እሁድ፣ 9

እሁድን የፈጠራት ሰው ቤተሰብ ያለው መሆን አለበት። ቤቱን ጠረግሁ፤ የጠረግሁትን መልሼ ጠረግሁ። ዜና እንዳያመልጠኝ ቴሌቪዥኑን ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼው ዋልኩ። ምን አሉ ብትዪኝ አላውቅም። ዳቦ ቤት ሄጄ እንደ ልማዴ አራት ዳቦ ገዛሁ። ሁለቱ የእማዬ ነበሩ። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እጄ ግን አሁንም አራት ነው የሚያሳየው።

መቼም እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። እማዬን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ እትዬ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣች ሾርባው ጨው በዛበት ብላ ትሄድ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ጋሪ ይዛ መጣችና የእማዬን ቁም ሣጥን አስጫነች። አልጠየቀችኝም። እኔስ ብላት፣ ገመዱን እያጠበቀች፣ ዞር እንኳ ሳትል፦

«አንቺ ምን ያደርግልሻል። ለማን ልታወርሺው።»

እኔም መለስኩላት። የመለስኩትን እዚህ አልጽፈውም። ባሪያ የሸጠ እንኳ እንደዚያ የሚናገር አይመስለኝም። ጋሼ፣ ባሏ፣ በመሐላችን ቆመው «ተዉ ልጆች» ሲሉ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ዓይናቸው ያይ ነበር። አምና ብርሃናቸው ጨርሶ እንደጠፋ የሰማሁት ከፀሐፊያችን ነው። የሥጋ ዘመዴን ወሬ ከቢሮ ነው የምሰማው። ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። በምን ፊቴ።

ዛሬም ቦዩ ዳር ሄጄ ነበር። ለጉልበቴ።

ማክሰኞ፣ 11

የሦስት ሳምንቱ ቁጥር መጣ። በቀን በአማካይ አርባ ሦስት።

አለቃችን ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። ይሄ ሰውዬ ለሁሉ ነገር «ይታሰብበታል» ስለሚል ስሙ ይታሰብበታል ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬ ግን ሳይታሰብበት ደስ አለው። ሕዝባችን መራመድ ጀመረ፣ ይሄ የሥልጣኔ ምልክት ነው፣ ወንበሩን አሥር እናደርገዋለን፣ አበባም ይተከላል አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

እነዚያ አርባ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሁለት ጡረተኛ መምህራን አውቃለሁ። ውሻ የሚያንሸራሽር አናጢ አለ። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሴቶች አሉ፣ ስድስት ወይ ሰባት። የቀሩት እኔ በሌለሁበት ሰዓት የሚመጡ ይሆናሉ።

ማሳው መሐል ለመሐል ነው የሚሰነጠቀው። ካርታው ላይ ጣቴን አድርጌ አየሁት። የጣቴ ውፍረት ሃያ ሁለት ዛፍ ነው።

ሐሙስ፣ 13

ዝናብ፣ ከቀትር ጀምሮ። ቢሆንም ሄድኩ። ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ጫማዬ ምድጃው አጠገብ ነው።

ዓርብ፣ 14

ቀያሹ ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ዳር ተቀመጠ። በትናንቱ ዝናብ እንኳ ሠላሳ ሰው አልፏል፣ አብዛኛውም አመሻሹ ላይ ነው አለኝ። ሲናገር እኔን አላየም፤ መስኮቱን ነበር የሚያየው።

እንዲሁ ለነገሩ ያህል ጠየቅሁት። «አንድ ሰው ሁለቴ ቢያልፍ ምን ብሎ ይቆጥረዋል?»

«ሁለት ሰው።»

«አሥር ጊዜ ቢመላለስስ?»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጠፈው። «እሱማ ሰፈር ይሆናል።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከሄደ በኋላ እርሳሴን ለመቅረጽ ብዬ ስቀርጽ ስቀርጽ አለቀ።

አርባ ሰው የሚለውን ደንብ ለወረዳችን አስተካክዬ የጻፍኩት እኔ፣ ሣጥኑን ከድልድዩና ከወንበሩ መሐል አድርጉት ብዬ ምልክት ያደረግሁት እኔ። የዓመታት ልምድ ያላት ፕላነር። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ፤ እኔም ሰው ሆኜ መቆጠሬን።

ዛሬ አልሄድም። ጉልበቴም ይረፍ።

ቅዳሜ፣ 15

አልሄድኩም።

ሰኞ፣ 17

ቆጠራው ትናንት አለቀ። እኔ በቀረሁባቸው ሦስት ቀናት ሃያ አንድ፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። የሃያ ስምንቱ ቀን አማካይ አርባ ነጥብ አምስት።

አርባ ሰው ተኩል። ቢሮው ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ። ፀሐፊያችን ግማሹ ሰው ማነው ስትል፣ ቀያሹ ወንበሩ ላይ የሚተኛው ድመት ነው አለ። ይታሰብበታል ደግሞ አርባም ይሁን አርባ ተኩል ደንቡ ተሟልቷል ብሎ ፈረመ። ቦዩ መዝናኛ፣ ጋራው አስፋልት። በ25 በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ይቀርብና ይጸድቃል።

ሁሉም ምሳ ሲወጡ ሒሳቡን ሠራሁት። ሐሙስ ዕለት፣ በዚያ ዝናብ፣ ቤቴ ብቀመጥ ኖሮ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ነበር። አንድ ቀን። ማንም ምንም ሳያውቅ፣ እኔም ምንም ሳልናገር፣ ዛፎቹ ይተርፉ ነበር። አንድ ቀን ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ 18

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ከቀያሹ ጋር ጋራውን ወጣን፤ እሱ ችካሉን ተሸክሞ፣ እኔ ካርታውን። ሌላ ሰው ይሂድ ብዬ ነበር፤ ይታሰብበታል ፋይሉ የአንቺ ነው አለኝ። ሁለት ዓመት ያልረገጥኩት ደጅ ነው። በሩ ቀለም ተቀብቷል።

እትዬ ቅርጫት ታቅፋ ወጣች። ሸብታለች። እኔ ሳላይ ሸበተች። ቀያሹ በትሕትና አስረዳት፤ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ፣ ስፋቱን፣ እስከ 25 ድረስ እንዳልጸደቀ። እሱን እያየች አዳመጠችው። እኔን እንደ አጥር እንጨት አለፈችኝ።

ከኋላዋ ከዛፍ ዛፍ ነጭ ገመድ ተወጥሯል፤ ወገብ ላይ የሚደርስ፣ ከደጃፉ እስከ መጨረሻው ኮክ ድረስ። ልብስ ማስጫ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ጋሼ በግራ እጃቸው ገመዱን እየዳበሱ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። በቀኛቸው ምንም አልያዙም። ዱላ የለም፣ የሚመራቸው ሰው የለም። ቀጥ ብለው፣ እንደ ድሮው ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚሄዱት። ድምፃችንን ሲሰሙ ቆሙ።

«ማነው?»

«ከመንገድ መሥሪያ ቤት ናቸው» አለች እትዬ።

እኔ ነኝ ጋሼ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ናት። ካርታውን መጠቅለል ያዝኩ።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ ኮክ ስጫቸው። ዳገት ወጥተው መጥተው።»

ለቀያሹ በእጁ ሰጠችው። የኔን አጥሩ ላይ አስቀመጠችው። አንስቼ በኪሴ አደረግሁት። እናመሰግናለን ያለው ቀያሹ ነው፤ ለሁለታችንም።

ሰባተኛው ችካል ከገመዱ አንድ ክንድ ርቆ ተተከለ። ስንወርድ ቀያሹ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ነገረኝ፤ ገመዱን እትዬ ናት ያሰረችው፣ ጋሼ ያለ ማንም እርዳታ የሚሄዱበት ይሄ ብቻ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ ይመላለሱበታል። «ለሳቸው ሣጥን አላሰርንም» አለ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ቆም ብሎ ጫማውን አሰረ። ቀና ሳይል «ሣጥኑ ስም አይመዘግብም፣ እህቴ። ሰዓት ብቻ ነው» አለኝ።

ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳያውቅ አልቀረም። ደግሞም አይናገርም፤ እንድናገር ወይም እንድተወው ለኔ ጣለው። ደግ ሰው ሲያስጨንቅ እንዲህ ነው።

ሐሙስ፣ 20

ለይታሰብበታል ደብዳቤ ጀመርኩ። ቀደድኩ። ጀመርኩ።

ብናገር ቁጥሩ ወደ ሃያ ይወርዳል፤ መንገዱ ወደ ቦዩ ይዞራል። ጥሩ። ግን የእህቷን ማሳ ለማዳን ፈጠረችው ይላሉ። ማን ያምናል፣ አንዲት ሴት በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ሃያ ጊዜ ትመላለሳለች ብሎ። ለምን ይሉኛል። ለጉልበቴ። ለጉልበትሽ ሃያ ጊዜ? እኔም ብሆን አላምን።

ደግሞም ቦዩ ዳር ከሌለ እኔ ከሥራ በኋላ ወዴት እሄዳለሁ።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ይሄ ነው የከፋው። ማንም።

እሁድ፣ 23

ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት አሥራ ስድስት እርምጃ። ተመላለስኩ። በመስኮት የሚታይ ነገር የለም።

ዳቦ ሁለት ገዛሁ። ባለ ዳቦ ቤቷ «ዛሬ እንግዳ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ያለኝ ሲመስላት ኖራለች። የለም፣ ሄዱ አልኳት።

ማክሰኞ፣ 25

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አዲሱ ሰፈር በሙሉ ወጥቶ መጥቷል፤ መብታቸው ነው። አንዲት እናት ልጇን ታክሲ ውስጥ እንደተገላገለች ቆማ ተናገረች፤ በየትም በኩል ይሁን፣ ብቻ ፍጠኑ አለች። ሰው ሁሉ እንባው መጣ። እትዬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ጋሼ የሉም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ እማዬ ሐኪም ቤት ስትጠብቅ እንደዚያ ነበር የምትይዘው።

ይታሰብበታል ቁጥሩን አነበበ። አርባ ነጥብ አምስት። የተቃወመ አለ ወይ አለ።

እጄን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እጄ ራሱ ወጣ። አስረጅ ሆኜ መድረክ ላይ ተቀምጬ ከመድረክ እጄን አወጣሁ፤ ሰው መሳቅ የጀመረው ያኔ ነው። ተነስቼ ቁጥሩ ትክክል አይደለም አልኩ። ሣጥኑ አንድን ሰው ደጋግሞ እንደቆጠረ፣ ያ ሰው አመሻሹ ላይ ከድልድዩ ወንበሩ ከወንበሩ ድልድዩ እንደሚመላለስ፣ ስሕተቱም የኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር የሚሰማኝ።

ይታሰብበታል መነጽሩን አወለቀ። «ማነው ሰውዬው?»

«እኔ ነኝ። በቀን ሃያ ጊዜ ያህል።»

ያን ሳቅ አልረሳውም። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ብዙ ነበር። መሐል ላይ ካሉት አንዱ ሰውዬ ተነስቶ ማሳው የእህቷ ነው፣ ወገኗን ልታድን ነው አለ። ሌላው ደግሞ ሃያ ጊዜ ምን ትሠራለች፣ እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ አለ። ለጉልበቴ ነው ልል ነበር። አላልኩም።

ያኔ ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። እትዬ ቆማለች።

«ሃያ አይደለም» አለች። «ሃያ ሁለት ነው።»

አዳራሹ ዞሮ አያት። እሷ ማንንም አላየችም፤ ቦርሳዋን ነበር የምታየው።

«በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምቆጥራት። ሃያ ሁለት ሳይሞላ አትሄድም። ያን ዓርብ ሳትመጣ ቀርታ፣ ታመመች ብዬ…» ተቀመጠች።

ቀያሹ ተነስቶ የሰዓት ዝርዝሩን ለይታሰብበታል አስረከበው፤ ለካ ይዞት መጥቶ ነበር። ይታሰብበታል ብዙ አየው። «ይታሰብበታል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ደስ አለኝ።

ስወጣ እትዬ በሩ ላይ ሻርፗን እያሰረች ነበር። ፊት ለፊት ቆምን፤ ሰው እየገፋን ያልፋል። ይቅርታ ልበል፣ እሷ ትበል፣ ማን ይጀምር። ከስታለች። እኔንም እንዲያ ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

«ቅዳሜ ኮክ እናወርዳለን» አለች። «ሰው አጥሮናል።»

ሄደች።

ሐሙስ፣ 27

ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ማኅተም ያለው። ቆጠራው ውድቅ ሆኗል፣ እንደገና ለአራት ሳምንት ይካሄዳል። ፋይሉ ከኔ ተወስዶ ለቀያሹ ተሰጥቷል። በሦስተኛው ነጥብ ላይ፣ ቃል በቃል፦ «ባለሙያዋ ቆጠራው እስኪጠናቀቅ ድረስ በቦዩ ዳርቻ የእግር መንገድ ላይ ከመገኘት እንዲቆጠቡ እናሳስባለን።» ሥራዬ መንገድ ማውጣት ነው፤ መሥሪያ ቤቴ መንገድ ከለከለኝ።

ቀያሹ ያለ እኔ ሃያ ነገር ነው የሚመጣው ይላል፤ ቦዩ አስፋልት ይሆናል። ጡረተኞቹ መምህራን ያዝናሉ። አናጢውም፣ ውሻውም። እኔም። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ይህም ከሕሊናዬ አይወርድም። ቀያሹን ቢያንስ ከአስፋልቱ ዳር የእግረኛ መተላለፊያ ይሳል ብዬ ለመንኩት። ሁለት ሜትር። አንድ ተኩል አለኝ።

ፀሐፊያችን ዛሬ ሻይ ይዛልኝ መጣች፤ ወሬ ሳትጠይቀኝ ተቀምጣ ጠጣች። ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

ዓርብ፣ 28

ነገ ቅዳሜ ነው።

«ሰው አጥሮናል» ማለት ነይ ማለት ነው ወይስ ሰው አጥሯቸዋል ማለት ብቻ ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ቃሉን ከዚህም ከዚያም ገለበጥኩት። ስልክ ደውዬ ልጠይቅ አልኩ፤ ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አልደወልኩም። ብትጠብቀኝስ፣ ሳልሄድ ብቀር? ብሄድስ፣ ምን ፈልገሽ ነው ብትል? ጋሼ ማነው ሲሉ ማነኝ እላለሁ?

ለጋሼ ስሜን እነግራቸዋለሁ። ይህን ወስኛለሁ። እሷ ሳትቀድመኝ።

ዛሬ ማምሻውን የምሄድበት የለም፤ ስለዚህ አሮጌ ቀሚስ መርጬ፣ ለጉልበቴ ቅባት አዘጋጅቼ፣ እዚህ ቁጭ ብያለሁ። ዳገቱ አርባ ደቂቃ ይወስዳል፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። በሩን ማን እንደከፈተልኝና ምን እንዳለኝ እዚሁ አሰፍራለሁ፤ ከዚህ መስመር በታች ያለውን ግማሽ ገጽ ባዶ የተውኩት ለዚያ ነው።